ኃጢአት የለብሽም የተባሉት እትዬ ሣህሊቱ

እትዬ ሣህሊቱን ያወቅኋቸው በ1968 ዓ.ም. መስከረም ነው። ወደ አሰበ ተፈሪ በመምህርነት ተመድቤ ስመጣ የጓሮ ክፍላቸውን ተከራየሁ። ያን ጊዜ ዕድሜያቸው ሃምሳ ቢሞላ ነው። ቀጠን ያሉ፣ አንገታቸው መለል ያለ፣ ሲራመዱ መሬቱን የሚያስፈቅዱ የሚመስሉ ሴት ነበሩ። ባላቸው ቀደም ብለው ሞተው አንድ ልጅ ብቻ ቀርቷቸዋል፤ ዋለልኝ ይባላል። ጥጥ እየፈተሉ፣ ድሩንና ማጉን ለሸማኔ እየሸጡ ነበር የሚያስተምሩት። ከባላቸው ሞት ወዲህ ቆራቢ ሆነዋል። ቆርበው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ነጠላቸውን እስከ ዐይናቸው ድረስ ይከናነቡና ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር እምብዛም አይነጋገሩም። በዚያን ቀን እኔም የኪራይ ክፍሌን በር ቀስ ብዬ ነበር የምዘጋው።

ከመንገዱ ማዶ፣ በር ለበር፣ ማሽላ ነጋዴው አቶ አብዱልቃዲር ከባለቤታቸው ከአዴ ኩብራ ጋር ይኖራሉ። ልጅ አልወለዱም። ዋለልኝ የሁለቱም ቤት ልጅ ሆኖ ነው ያደገው፤ ቁርሱን እዚህ ቢበላ መክሰሱን እዚያ ነው። ሁለቱ ሴቶች በጠዋት የቦኖ ውኃ ወረፋ ላይ ጎን ለጎን ይቆማሉ። አዴ ኩብራ አማርኛውን ከኦሮምኛ ጋር እያዋሐዱ ሲያወሩ እትዬ ሣህሊቱ ይስቃሉ፤ እትዬ ሣህሊቱ ኦሮምኛ ልናገር ሲሉ ደግሞ አዴ ኩብራ ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ።

የዚያ አገር ሰው፣ እስላሙና ክርስቲያኑ፣ ደስታውንም ኀዘኑንም ይካፈላል፤ ሥጋ ብቻ አይካፈልም። እስላም ያረደውን ክርስቲያኑ፣ ክርስቲያን ያረደውን እስላሙ አይቀምስም። እንዲህም ሆኖ በዓል ሲመጣ ማንም አይቀርበትም ነበር። ለዐረፋ ከአዴ ኩብራ ቤት ስኳርና ቴምር ይመጣል። ለፋሲካ ከእትዬ ሣህሊቱ ቤት አንዲት ዶሮ እግሯ ታስሮ ከነነፍሷ ትሄዳለች፤ አቶ አብዱልቃዲር ቢስሚላሂ ብለው ያርዷታል፣ አዴ ኩብራ ይሠሯታል። ይህንን በትምህርት ቤት ያስተማረ የለም። በዚያ ሰፈር ያደገ ልጅ ሁሉ ግን ያውቀዋል።

ዋለልኝ በ1970 ዓ.ም. ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበር። ከጓደኞቹ ጋር ወረቀት ይበትናል ተብሎ ስሙ ቀበሌ ደረሰ። በዚያ ዓመት ስሙ ቀበሌ የደረሰ ልጅ ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቅ ነበር። ሁዳዴ ሊገባ ባለበት ሰሞን ልጁ ከቤት ጠፋ። እናቱ አዲስ አበባ አጎቱ ዘንድ ሄዷል ብለው ነገሩን፤ እኔም አመንኩ። አብዮት ጠባቂዎች መጥተው ቤቱን ከላይ እስከ ታች በረበሩት፣ የእኔንም አልጋ ገለበጡት፣ አጥተው ሄዱ። ልጁ ግን ከመንገዱ ማዶ፣ ከአቶ አብዱልቃዲር የማሽላ ጆንያዎች ጀርባ ተቀምጦ ነበር።

ጾሙን ሙሉ ችግር አልመጣም። አዴ ኩብራ ለራሳቸው የሠሩትን ሽሮና ምስር ይሰጡታል፤ እሱም ይበላል። ሽሮ የእስላም የክርስቲያን የለውም። እናቱ አንድ ጊዜም መንገዱን አልተሻገሩም። በረንዳቸው ላይ እንዝርታቸውን እያሾሩ የማዶውን ግድግዳ ያያሉ፣ በቃ። ኋላ እንደነገሩኝ፣ አንዳንድ ቀን ሲያስል የሰሙት ይመስላቸው ነበር።

የበዓሉ ቀን ሲቃረብ ነው ልባቸው ያልተረጋጋው። ልጃቸው ሃምሳ አምስት ቀን ጾሞ በምን ይገድፋል? እዚያ ቤት ያለው ሥጋ እስላም ያረደው ነው። ዋለልኝ ራሱ በአዴ ኩብራ በኩል አንዳች ነገር እንዳይልኩ፣ እሱ እንደዚህ ላለው ነገር እንደማይጨነቅ አስነግሯል። ልባቸውን የቆረጠውም ይኸው ነው። ልጃቸው በጆንያ መሐል ተቀምጦ ማተቡንም የሚጥል መሰላቸው። የስቅለት ዕለት ጠዋት በቦኖው ወረፋ ላይ አዴ ኩብራ ጠጋ ብለው በጆሯቸው ተናገሩ።

«ሣህሊቱ፣ በበዓሉ እግርሽ ደጄን እንዳይረግጥ። የኛን ካልበላ ሽሮ አለ።»

«በፋሲካ ሽሮ?»

«በፋሲካ ሽሮ። ምን ይሆናል? አንድ ቀን ነው።»

እትዬ ሣህሊቱ እሺ አሉ።

ዶሮዋን ያረድኳት እኔ ነኝ፤ ቤቱ ውስጥ ወንድ ያለሁት እኔ ብቻ ስለነበርኩ። እትዬ ሣህሊቱ ሌሊቱን ቅዳሴ አድረው፣ ቆርበው፣ ሲነጋ ተመለሱ። የኔን ድርሻ አቀረቡልኝ፤ እንኳን አደረሰህ ያሉኝም በጥቅሻ ያህል ነበር። ረፋዱ ላይ መንገዱ ነጭ በለበሰ ሰው ሞልቶ ሳለ አንድ ትንሽ ድስት በነጠላቸው ሸፍነው ሲወጡ አየሁ። ለአንዲት የታመመች ባልቴት የሚወስዱ መሰለኝ። እሳቸውም ያሰቡት፣ በዚህ ሁሉ እንግዳ መካከል ማን ያየኛል ብለው ነበር።

ያያቸው ተሻለ ነው። አብዮት ጠባቂ ሆኖ ጠመንጃ ይዟል እንጂ የሰፈሩ ልጅ ነው፤ ከዋለልኝ ጋር ኳስ ሲጫወት ያደገ፣ በእትዬ ሣህሊቱ እጅም ብዙ ቀን የጎረሰ። ከአቶ አብዱልቃዲር በር ላይ ደረሰባቸው።

«እንኳን አደረስዎ፣ እትዬ ሣህሊቱ። ሽታው መንደሩን አወደው።»

እሳቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ለነአቶ አብዱልቃዲር ነው? ታዲያ ማን አረዳት?»

ድስቱን ወደ ደረታቸው አስጠጉት።

«እሳቸው አርደዋት ቢሆን እዚሁ ትሠራ ነበር። ክርስቲያን አርዷት ከሆነ ደግሞ እነሱ አይበሏትም።» ሳቅ አለ፤ ቀልድ የያዘ ነበር የሚመስለው። «እንግዲህ ይቺ ዶሮ ለማን ናት ማለት ነው?»

አንድ ውሸት ይበቃ ነበር። እዚያ ማዶ ላለችው ባልቴት ናት፣ ቤት ተሳስቼ ነው፣ አዴ ኩብራን እንኳን አብሮ አደረሰን ልበል ብዬ ነው፤ የፈለጉትን ቢሉ ተሻለ ያልፋቸው ነበር። ነገር ግን ከቆረቡ ገና ጥቂት ሰዓት ነው። ሥጋ ወደሙ የገባበት አፍ ውሸት አላወጣ አላቸው። ቆመው ዝም አሉ። ተሻለ ጥቂት ጠበቃቸውና ፈቀቅ ብሎ መንገድ ለቀቀላቸው፤ ይሂዱ፣ ይቀዘቅዛል አላቸው። እሳቸውም አልተመለሱም፤ የማራቸው መሰላቸውና ገቡ። አዴ ኩብራ ድስቱን ሲያዩ ፊታቸው አመድ መሰለ። ዋለልኝ ከጆንያው ኋላ ወጥቶ እናቱን ሳማቸውና፣ እማዬ ምን አደረግሽ አላቸው። ሁለት ጉርሻ ጎርሷል። ሦስተኛው ሳይደርስ በሩ ተመታ።

ዋለልኝንና አቶ አብዱልቃዲርን አንድ ላይ ወሰዷቸው። ዋለልኝን ከዚያ ወዲህ ያየው ሰው የለም፤ አስከሬኑም አልተሰጠም፣ ማልቀስም ክልክል ነበር። እትዬ ሣህሊቱ እንባቸውን ሳያፈሱ ሁለት ወር ያህል ወለል ላይ ተቀምጠው ከረሙ። አቶ አብዱልቃዲር ተፈርዶባቸው ሐረር እስር ቤት ወረዱ። አዴ ኩብራ ወደ መንገዱ የሚመለከተውን መስኮት በምስማር መቱት፤ ውኃም ከሌላ ሰፈር ቦኖ መቅዳት ጀመሩ።

እትዬ ሣህሊቱ ለንስሐ አባታቸው ለመምሬ ገብሬ የተናዘዙት በዚያው ክረምት ነው። መምሬ ገብሬ ደግ ቄስ ነበሩ፤ እትዬ ሣህሊቱን የጎዳው ግን ደግነታቸው ነው። ጉዳዩን ሰምተው ሲጨርሱ ኃጢአት የለብሽም አሏቸው። የሃይማኖትሽን ሥርዓት ጠበቅሽ፣ ከቆረብሽ በኋላም አልዋሸሽም፤ ልጅሽን የገደለው የገደለው ነው፣ የአንቺ ኀዘን ብቻ ነው፣ ለኀዘን ደግሞ ቀኖና አይሰጥም አሏቸው።

«ሽሮ ነበረ እኮ፣ አባቴ» አሉ እትዬ ሣህሊቱ።

መምሬ ገብሬ አልገባቸውም።

«ሽሮ ነበረ። ሽሮ ቢበላ ሃይማኖቱም አይነካ፣ እሱም አይሞት። ፋሲካን ያለ ዶሮ ይዋል ማለት አቃተኝ። ይህ ሥርዓት መጠበቅ ነው?»

መምሬ ገብሬ እናትነት ነው ብለው ባረኳቸውና ሸኟቸው። በዓመቱ እንደገና ሄዱ፤ መልሱ ያው ሆነ። ሦስተኛም ሄዱ። አንድ ዓመት ጾም፣ አንድ ሺህ ስግደት፣ ደረቅ ቆሎ፣ የፈለጉትን ይስጡኝ ብለው እግራቸው ላይ ወደቁ። መምሬ ገብሬም በመጽሐፉ ስም ለሌለው ነገር ቀኖና ከየት አምጥቼ ልስጥሽ አሉ። ከዚያ በኋላ እትዬ ሣህሊቱ አልቆረቡም፤ ወደ ቅጽሩም አልገቡም። ሰው ሲያስቀድስ እሳቸው ከውጭው በር፣ ከለማኞቹ ጎን ይቆማሉ። አንድ ቀን ለምን እንደማይገቡ ብጠይቃቸው ያልታሰረ ሰው እንዴት ይፈታል አሉኝ። ኃጢአት የለብሽም ስለተባሉ የሚሰረይላቸውም ነገር ጠፋ። ከዚህ የከፋ ተስፋ መቁረጥ እኔ አላየሁም። ጥጡን እየፈተሉ በመሐሉ እጃቸው ይቆምና፣ ሽሮ ነበረ እኮ ይላሉ፤ ለማንም አይደለም።

በ1973 ዓ.ም. ለጥር ሥላሴ ንግሥ ወደ አሰቦት ገዳም ሄዱ። ከሚኤሶ ወዲያ በዚያ ደረቅ ቆላ በእግራቸው ተጉዘው፣ ተራራውን በእጅም በጉልበትም ወጡት። መምሬ ገብሬ የከለከሏቸውን ቀኖና ከአንድ ባሕታዊ ሊቀበሉ ነበር ሐሳባቸው። ሦስት ቀን ጠብቀው አንድ ሽማግሌ መነኩሴ አገኙ፤ ነገሩንም አንድ በአንድ ነገሯቸው። መነኩሴው ሲሰሙ ቆይተው እንዲህ አሏቸው።

«እናቴ፣ አንቺ የምትሺው መማርን አይደለም፤ መቀጣትን ነው። የበደልሽው በሕይወት ያለ ሰው አለ?»

«አለች። በሯን አትከፍትልኝም።»

«አትክፈትልሽ። እንድትከፍትልሽ ብለሽ አትሂጂ፤ እንዲያው ሂጂ።»

በዚህ ብቻ አሰናበቷቸው። እትዬ ሣህሊቱ ተናደው ነበር የተመለሱት። ይህን ለመስማት ነው ያን ሁሉ ተራራ የወጣሁት እያሉ እግራቸውን በጨው ውኃ ሲዘፈዝፉ አስታውሳለሁ። ምክሩንም አልሠሩበትም፤ ሁለት ዓመት ተኙበት።

አቶ አብዱልቃዲር በ1974 ዓ.ም. ተፈተው መጡ። በቃሬዛ ነበር ከአውቶቡስ የወረዱት፤ እግራቸው ከጥቅም ውጭ ሆኗል። ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላቸው ዐረፉ። የቀብሩ ዕለት ሰፈሩ ሁሉ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ማዶ ወጣ። እትዬ ሣህሊቱም ሄደው ከግቢው ውጭ፣ ከግንቡ ሥር፣ አፈር ላይ ተቀመጡ። አዴ ኩብራ ሰው ሊሸኙ ወጥተው አዩአቸው። በአምስት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያውን ቃል የተናገሯቸው ያን ጊዜ ነው።

«ዛሬስ ድስት አልያዝሽም?»

ሰው ሁሉ ሰማ። እትዬ ሣህሊቱ አልተነሡም፤ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ እዚያው ዋሉ። በማግስቱ ጠዋት በቦኖው ተራ ጠብቀው አንድ ጀሪካን ውኃ ቀዱ፣ በጀርባቸው አዝለው አመጡና ከአዴ ኩብራ በር ላይ አስቀምጠው ሄዱ። አዴ ኩብራ በሩን ከፈቱ፣ ጀሪካኑን አዩ፣ ክዳኑን ፈቱና ውኃውን መንገድ ላይ ደፉት። ባዶውን ጀሪካን በእግራቸው ገፉት።

በሁለተኛውም ቀን እንዲሁ። በሦስተኛውም። ወሩ አለቀ፣ ክረምቱ አለፈ፣ በጋው ገባ። እትዬ ሣህሊቱ ይቀዳሉ፣ አዴ ኩብራ ይደፋሉ። በመጀመሪያ ሰው አዘነ፤ ኋላ ለመደው፤ ቀጥሎ መቀለድ ጀመረ። የአሰበ ተፈሪን አቧራ እንዲያጠፉ ማዘጋጃ ቤቱ እትዬ ሣህሊቱን በቋሚነት ቀጥሯቸዋል ይባል ነበር። እኔም ጉልበትዎ አለቀ፣ ይተዉት ብዬ ለምኛቸዋለሁ። መነኩሴው እንዲያው ሂጂ ብለውኛል አሉ። ደስ ብሏቸው ነበር ልል አልችልም። ፊታቸው ላይ አንዳች ብርሃን አላየሁም። ጠዋት እንደሚነሣ ሰው ይነሣሉ፣ እንደሚሸከም ሰው ይሸከማሉ።

1977 ዓ.ም. ያ ክፉ ዓመት መጣ። ዝናብ ከዳ። ከቆላው፣ ከቦርደዴና ከቦኬ ወገን ከብቱ ያለቀበት ሰው ወደ ከተማ ጎረፈ። ቦኖው በሦስት ቀን አንድ ጊዜ ይከፈታል፤ ለአንድ ጀሪካን ከጎህ እስከ ቀትር መቆም ነው። ሌላ ቦኖ የሚባል ነገርም ቀረ። አዴ ኩብራ ጉልበታቸው ታሞ መቆም አይችሉም። እትዬ ሣህሊቱ ውኃውን ለሁለት እየከፈሉ ግማሹን ማዶ ያስቀምጣሉ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ በረንዳው ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ነጠላቸው ወድቋል፣ አልታወቃቸውም።

«አልደፋችውም» አሉኝ።

«ምኑን?»

«ውኃውን። አስገባችው። ዛሬ አስገባችው።»

እጄን ያዙኝ። ከዚያ ፋሲካ ወዲህ በነበሩት ሰባት ዓመታት ፈገግታቸውን ያየሁት በዚያ ቀን ነው፤ አገሩ ሁሉ በተጠማበት ቀን።

አዴ ኩብራ ግን አልተናገሯቸውም። ጀሪካኑ ባዶውን ተመልሶ ከበሩ ይቀመጣል፣ እሱ ብቻ ነው።

በዚያው ዓመት መጨረሻ አዴ ኩብራን ንዳድ ጣላቸው። ጀሪካኑ ሁለት ቀን ሳይነሣ ከበሩ ላይ ሲውል እትዬ ሣህሊቱ በሩን ገፍተው ገቡ። አዴ ኩብራ ከመደቡ ላይ ተንጋለው ይቃዡ ነበር። ከጤና ጣቢያ የመጣው ድሬሰር መርፌውን ወግቶ፣ ካልበላች መርፌው ብቻውን አያድናትም፣ የዶሮ መረቅ አጠጧት አለ። እትዬ ሣህሊቱ የፈተሉትን ድር ሁሉ ሸጡና አንዲት ዶሮ ገዙ። ልብስ ሰፊው ሙሄዲን ጋ ወስደው በእስላም ሥርዓት አሳረዷት። በአዴ ኩብራ ድስት፣ በአዴ ኩብራ ምድጃ ላይ ሠሯት። ከዚያ ፋሲካ ወዲህ ዶሮ በእጃቸው ሲነኩ የመጀመሪያቸው ነበር። ላባውን ሲነጩ ሁለት ጊዜ ትተዋት ወጡና ተመለሱ።

የተፈጠረውን የነገሩኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው፤ እንደነገሩኝ እጽፈዋለሁ። መረቁን በማንኪያ እየቀዱ ሁለት ሦስት ጊዜ አጎረሷቸው። አዴ ኩብራ ዐይናቸውን ገልጠው አዩአቸውና ማንኪያውን ከእጃቸው ወሰዱት። ራሳቸው ሞልተው ቀዱና ወደ እትዬ ሣህሊቱ አፍ ዘረጉት።

«ቅመሺው።»

«ኩብራ…»

«ጨው ይነሰው፣ ይብዛው፣ በምን አውቃለሁ? ምላሴ ሬት ሆኗል። ቅመሺው አልኩሽ።»

ነገሩ የጨው እንዳልሆነ እትዬ ሣህሊቱ ገብቷቸዋል። ያንን ሥጋ ልጄ አይቀምስም ብለው ነው ሁለት ቤት ያፈረሱት። አሁን ቢቀምሱ ልጃቸው በከንቱ ሞተ ማለት ነው። ባይቀምሱ ደግሞ ዛሬም ከሰው ሕይወት ሥጋውን አስበለጡ። መረቁ በአዴ ኩብራ ክንድ ላይ ይፈስሳል። እትዬ ሣህሊቱ ዐይናቸውን ጨፈኑ፤ አፋቸውንም ከፈቱ።

ምንም አልገባም። ዐይናቸውን ሲገልጡ አዴ ኩብራ ማንኪያውን ወደ ድስቱ መልሰውታል።

«ተይው» አሉ አዴ ኩብራ። «ልጁ የሞተበት ነው። ዛሬ አንቺ ብትበዪው እሱ ለምን ሞተ? ወላሂ አላስበላሽም።»

ሁለቱም አለቀሱ። ዋለልኝን አብረው ያለቀሱት በስምንተኛው ዓመት በዚያ መደብ ላይ ነው። ከዚያ እትዬ ሣህሊቱ ወለሉ ላይ ተንበርክከው በእስላሞቹ አነጋገር ይቅርታ ጠየቁ።

«አውፍ በይኝ፣ ኩብራ።»

አዴ ኩብራ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«አልችልም። ያ ረቢ ያውቃል፣ ሞክሬያለሁ። ለሰላት በቆምኩ ቁጥር እሞክራለሁ፤ አብዱልቃዲር እግሩን እየጎተተ ይመጣብኛል። አልወጣልኝም። አንቺ ውኃውን አምጪ።»

እትዬ ሣህሊቱ በማግስቱ ወደ መምሬ ገብሬ ሄዱ። መምሬ ገብሬ አርጅተዋል፤ ዐይናቸውም ደክሟል። እንደ ድሮው ሽሮ ነበረ እኮ ብለው አልጀመሩም። እስላም ያረደውን ለመብላት አፌን ከፍቼ ነበር፣ ያልበላሁት ስላልሰጠችኝ ነው አሏቸው። ከምን እንደተነሣ፣ ውኃውን፣ ንዳዱን፣ ማንኪያውን ሁሉ ተረኩላቸው። መምሬ ገብሬ መስቀላቸውን በእጃቸው አሻሹ። ከዚያ አፍሽን ከከፈትሽ ልብሽ በልቷል፣ ይህ በመጽሐፉ ስም አለው አሉ። ሰባት ቀን እንዲጾሙ፣ በየቀኑም አርባ እንዲሰግዱ አዘዟቸው።

እኔ የመጽሐፍ ሰው አይደለሁም። ሆኖም መምሬ ገብሬ የሚያደርጉትን የማያውቁ አይመስለኝም። ስምንት ዓመት ሙሉ በደግነታቸው የከለከሏቸውን ሴት የሚያሳልፉበት ቀዳዳ አጥተው ኖረዋል፤ አዴ ኩብራ ናቸው የከፈቱላቸው።

ያን ሳምንት በግድግዳው በኩል ስግደታቸውን እሰማ ነበር። ጉልበታቸው መሬቱን ሲመታ ይሰማል፤ ሲነሡ ያቃስታሉ፤ መልሰው ይወድቃሉ። አርባ ቢባሉም ከዚያ በላይ እንደነበር ጥርጥር የለኝም። ጠዋት ግን ውኃቸውን አዝለው ሲወጡ አንዳንድ ጊዜ በአፍንጫቸው ያንጎራጉራሉ፤ ምን እንደሆነ አይለይም። በሰባተኛው ቀን መምሬ ገብሬ መስቀሉን ግንባራቸው ላይ አሳርፈው፣ ስም ያለውንም ስም የሌለውንም እግዚአብሔር ይፍታሽ አሏቸው። በ1978 ዓ.ም. ጥቅምት፣ በአንድ እሑድ ቆረቡ። የውጭውን በር አልፈው ሲገቡ አየኋቸው። ለማኞቹ ቦታቸውን ሊለቁላቸው ተነሥተው ነበር፤ እሳቸው ግን አልፈው ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ተደሰቱ ብዬ ልጽፍ አልችልም። ልጃቸው አልተመለሰም፤ መቃብሩም አልታወቀም። ሌላ ፋሲካ ሲመጣ እንደገና ወለል ላይ ተቀምጠው ይውሉ ነበር። አዴ ኩብራ በ1981 ዓ.ም. እስኪሞቱ ድረስ ያቺን አውፍ የምትባል ቃል ሲናገሩ የሰማ ሰው የለም፤ እትዬ ሣህሊቱም ዳግመኛ አልጠየቋቸውም። ውኃውን ግን አንድ ቀን አላስታጎሉም፣ ከዚያ እሑድ በቀር።

ከዚያ እሑድ በኋላ ሰኞ ጠዋት ጀሪካናቸውን አዝለው መንገዱን ተሻገሩ። አዴ ኩብራ ምርኩዛቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆመው ይጠብቁ ነበር።

«ትናንት የት ገባሽ? ለውዱእ የሚሆን ጠብታ ውኃ አልነበረኝም» አሏቸው።

«ቆርቤ ነበር።»

አዴ ኩብራ ከእግር እስከ ራሳቸው አዩአቸው።

«ታዲያ አሁን መልአክ ሆንሽ?»

«ኧረ፣ ያው ሣህሊቱ ነኝ።»

«እንግዲያው ጀሪካኑን አውርጂና ያን ማሰሮ አጣጥቢልኝ፤ ሦስት ቀን ተቀምጦ ሸቷል።»

እትዬ ሣህሊቱ ይህንን ሲነግሩኝ መጀመሪያ ሳቁ። ቀጥለው በነጠላቸው ጫፍ ዐይናቸውን ጠረጉ፤ ማሰሮው እውነትም ሸቶ እንደነበርና ሦስት ጊዜ በአመድ እንዳሹት ነገሩኝ።